ካፒቴኑ የሚያየው ሐይቅ

ጥቅምት 4

ለውድ ወንድም ጋሼ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ካለህበት ድረስ ይምጣልህ። ጤናህ እንዴት ነው? ሥራስ? ብርዱን ለመድከው ወይስ አሁንም ያንሰፈስፍሃል? እኛ ደህና ነን። ጋሼም ደህና ናቸው። አባትህን ታውቃቸው የለ፣ ማንም ሳይነሳ ተነስተው የሽርሽር ጀልባዋን ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ሲዳብሷት ነው የሚነጋው።

ከተማችን ሰው በሰው ሆናለች። ቅዳሜና እሁድ አውቶቡሶቹ እያመጡ ያራግፉታል። ዋና የሚችለው ከመዝለያው ሳንቃ ላይ ይወረወራል፤ የማይችለው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ፎቶ ይነሳል። የፔዳል ጀልባ ተከራይተው መሃል ሐይቅ ላይ የሚጣሉ ፍቅረኞችም ዘንድሮ አልጠፉም። ሰሞኑን አንዷ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣ፣ እሱ ብቻውን ፔዳሉን እየመታ፣ ላቡ እየተንጠፈጠፈ ሲመልሳት ዳር ያለው ሰው ሁሉ አጨበጨበለት።

እኔ ይህን ሁሉ የማየው ከትኬት መስኮቴ ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ መስኮቱ ጠቦኛል። ሰዉ ይሳፈራል፣ ሐይቁን ይዞራል፣ የተነሳበት ቦታ ላይ ይወርዳል፣ "ደስ ሲል!" ብሎ ወደ አገሩ ይሄዳል። እኔ ግን መዞሩ እንኳ አልደረሰኝም። እግሬን ይበላኛል ወንድም ጋሼ፤ ምን እንደሚሻለኝ እንጃ።

ደግነቱ ሰሞኑን ጋሼ "ትኬቱን ለሌላ ሰው ስጪና አንቺ መሪው ክፍል ከእኔ ጋር ሁኚ" ብለውኛል። ብቸኝነት ነው መሰለኝ።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። ጥሩ አርቆ ማሳያ መነጽር ብትልክልን። ለጋሼ አይደለም፣ ለጀልባዋ ነው።

አክባሪህ የአክስትህ ልጅ

ኅዳር 20

ለእህት ዓለም፣

ሰላምሽ ይብዛ፤ ክፉ አይንካሽ። መነጽሩን ከዚህ ወደዚያ ለሚመጣ ሰው ሰጥቻለሁ። ሻጩ "ጨረቃ ላይ ያለ ድንጋይ ያሳያል" ብሎኛል፤ ለናንተ ሐይቅ ሳይበዛ አይቀርም።

ሥራዬ ያው ሥራ ነው። ቀኑን ሙሉ በሰው ሕንፃ ውስጥ አሳንሰር ስጠግን፣ ስወጣና ስወርድ እውላለሁ። በቀደም አሳንሰር ውስጥ ተዘግቶባቸው የነበሩ አንድ ሽማግሌ፣ በሩን ለመክፈት ስታገል ከውስጥ ሆነው "ልጄ አትቸኩል፣ ሚስቴ እላይ እየጠበቀችኝ ነው" አሉኝ። ስስቅ መፍቻው ከእጄ ወደቀ።

ቤት ደግሞ ቀየርኩ። ለምን አትበይኝ። የድሮው ምንም አልጎደለውም፤ ብቻ አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ግድግዳው ሰለቸኝ። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ሻንጣዬን እስከ ሥሩ ፈትቼ አላውቅም።

አሁን ጥያቄ አለኝ። አባባ ለምንድን ነው ከደብዳቤሽ ግርጌ መጻፍ የተወው? ድሮ በዚያ በተንጋደደ ጽሕፈቱ "ልጄ ሆይ፣ ካልሲ ደርብ" ሳይለኝ አያልፍም ነበር። ስልክ ስደውል ደግሞ ሁልጊዜ "ሐይቅ ላይ ናቸው" ትይኛለሽ። ተቀይሞኛል እንዴ? ካጠፋሁ ይንገረኝ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አንቺ ባትኖሪ ምን ይሆን ነበር? እናትሽ አርፋ እኛ ቤት የገባሽ ቀን አባባ "ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ልጆች አሉኝ" ያለው ትዝ ይለኛል። አሁን ግን ሁለታችንንም የምትተኪው አንቺ ነሽ። አንቺ እዚያ ስላለሽ እኔ እዚህ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ወንድምሽ

ጥር 17

ለውድ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? መልሴ ስለዘገየ አትቀየመኝ። መነጽሩ በሰላም ደርሷል። ጋሼ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውት ነው የሚውሉት፤ የከተማው ሰው "ጄኔራል" ማለት ጀምሯል።

አልተቀየሙህም። ሥራ በዝቶባቸው ነው። አሁን እኔም መሪ እይዛለሁ፤ እሳቸው ከኋላዬ ወንበር ላይ ሆነው "ወደ ግራ፣ አንድ ጣት ያህል" ይሉኛል። ነፋሱን በጉንጫቸው ያውቁታል። የሞተሩ ድምፅ ከገደሉ ተመልሶ ሲመጣ ሰምተው የት እንደደረስን ይነግሩኛል። መሪውን ስይዝ ምን እንደሚሰማኝ ብነግርህ ትስቅብኛለህ፤ ተወው።

የምትስቅበት ሌላ ነገር ልንገርህ። ጋሼ እንደ ልማዳቸው በድምፅ ማጉያው ለጎብኚዎች የከተማዋን ታሪክ ይተርካሉ። እንጨትና ሲሚንቶ የጫኑ ጀልባዎች የሚራገፉበት ወደብ እንደነበረች፣ ባቡሩ በሌላ በኩል ሲያልፍ ጭነቱ እንደቀረ፣ ሐይቁ ሞልቶ የድሮውን ወደብ ድንጋዮች እንደዋጣቸው፣ የተራቡት ጫኝና አውራጆች ለመኖር ሲሉ ለከተማ ሰው ዋና ማስተማር እንደጀመሩና የመዝናኛው ነገር ከዚያ እንደመጣ። ታውቀዋለህ። ባለፈው እሁድ "በቀኝ በኩል የዳንስ አዳራሻችንን ቀይ ጣራ ተመልከቱ" አሉ። ጣራው ባለፈው ወር ተነስቷል፤ የቀረው ግድግዳ ብቻ ነው። ጎብኚዎቹ ቀልድ መስሏቸው በሳቅ ፈረሱ። ጋሼም አብረው ሳቁ።

ከቻልክ ደግሞ ያቺ ሰዓቱን የምትናገረዋን የእጅ ሰዓት ላክልን። ሐይቅ ላይ እጅ ስለሚርስ ትመቻለች።

የአክስትህ ልጅ

ጥር 28

እህት ዓለም፣

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ አቆይልሻለሁ።

የሌለ ጣራ አይቶ የሚያሳይ ሰው ጋር የሚናገር ሰዓት ምን ይሠራል? ከሰው ተደብቀሽ ይሁን ከእሱ ተደብቀሽ፣ አንድ መስመር ጻፊልኝ። አባባ ያያል ወይስ አያይም?

ወንድምሽ

መጋቢት 9

ለውድ ወንድም ጋሼ፣

እግዜር በሰላም ያቆይህ። ደብዳቤህ ሲደርሰኝ መልሱን በልቤ ጽፌ ጨርሼ ነበር፤ ወረቀት ላይ ማስፈር ነው ያቃተኝ። አሁን ግን ሌላ ሰው ሳይነግርህ ልንገርህ። መጀመሪያ ይህን ያዝ፦ ማንም አልሞተም። ጋሼም ደህና ናቸው፤ ከሐይቁ ወጥተዋል፤ አጠገቤ ተቀምጠው ነው የምጽፍልህ።

አያዩም። መጀመሪያ መሃሉ ነው የጠፋቸው፣ ቀጥሎ ዳር ዳሩ። አሁን ብርሃንና ጨለማ ይለያሉ፤ ከዚያ አያልፍም። ሐኪሙ የሄደው አይመለስም ብሏቸዋል። "ለልጄ ከነገርሽው በማግስቱ መጥቶ ከጀልባዬ ይነቅለኛል" ብለው አስማሉኝ። እኔም ዝም አልኩ። ለሳቸው ብዬ ብቻ ነው ብል ግን ውሸት ይሆናል። መሪውን ወድጄው ነበር። ከዚያ መስኮት ወጥቼ የሆነ ቦታ የምሄድ የመሰለኝ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። እውነቱ ከወጣ እሱም አብሮ ይቀርብኛል።

ባለፈው ቅዳሜ የአንድ ሆስፒታል ሠራተኞች ለሽርሽር መጥተው ተሳፈሩ። ነርሱ፣ ዘበኛው፣ ምግብ አብሳይዋ፣ ሁሉም ሥራው ከላዩ ላይ ወርዶለት ይጨፍራል። ነፋስ ነበረ። መሪውን ይዤ ከደሴቲቱ ስንመለስ ከኋላ "ሰው ወደቀ! ሰው ወደቀ!" የሚል ጩኸት ሰማሁ። መሪውን ለቅቄ ሮጥኩ። የወደቀው ባርኔጣ ነው። ባለባርኔጣው ሊይዘው ሲንጠራራ ሲያዩት ነው የጮኹት፤ እሱ ቆሞ ይስቃል።

ጋሼ ግን ይህን አላዩም። የሰሙት ሰው መውደቁን ነው። ካፒቴን ሰው ወድቆበት ምን ያደርጋል? ተነስተው መሪውን ያዙና የወደቀውን ሊያነሱ ጀልባዋን አዞሯት። ነፋሱ ገፋን። የድሮው ወደብ ድንጋዮች ላይ ወጣን።

ድምፁን እንዴት ልንገርህ? ሰው ጥርሱን ሲያፋጭ እንደሚሰማው ያለ ነው፣ ከእግርህ ሥር። ውኃ መግባት ጀመረ። ሙዚቃው አልቆመም፤ ዘፋኙ ይዘፍናል፣ ሰዉ ይጮኻል። ያኔ የጋሼ ድምፅ በማጉያው መጣ። ታሪክ የሚተርኩ ነው የሚመስሉት። "እንግዶቻችን፣ ዳርቻው ቅርብ ነው። ማንም አይሩጥ። ጃኬቱ ከወንበራችሁ ሥር ነው። ከጎናችሁ ላለው ሰው እሰሩለት፣ እሱ ደግሞ ለናንተ ያስር።" ሰዉ ታዘዘ። ዳር ላይ የነበሩት የፔዳል ጀልባዎች በሙሉ መጡ። ፍቅረኞቹ፣ ዋናተኞቹ፣ ፎቶ አንሺው ሳይቀር እየመጡ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት እያደረጉ ወሰዷቸው። ምግብ አብሳይዋ ስትወርድ አዳልጧት የእጇ አንጓ ተሰበረ። ሌላው ተረፈ።

ሁሉም ሲወጣ ጋሼ የሉም። ተመልሼ መሪው ክፍል ገባሁ። ውኃው ጉልበታቸው ደርሷል፤ ግድግዳውን ይዘው ቆመዋል።

"ጋሼ፣ ይውጡ እንጂ!"

"ሰዉ ሁሉ ወጣ?"

"ወጥቷል።"

"በዓይንሽ አይተሻል?"

"አይቻለሁ።"

"እንግዲያው እጅሽን ስጪኝ" አሉኝ። "በሩ የት እንዳለ ጠፋኝ።"

ጎልማሳነታቸውን በሙሉ በኖሩባት ጀልባ ውስጥ ነው ይህን ያሉኝ። እጃቸውን ይዤ አወጣኋቸው።

ወደብ ጽሕፈት ቤት ተጠራን። መርማሪው "መሪው ላይ የነበረው ማነው?" ሲል ሁለታችንም እኩል "እኔ" አልን። ሰውየው እስክሪብቶውን አስቀምጦ ተራ በተራ አየን። ከዚያ ጋሼ "ልጄ፣ እኔ አላይም። ላይህም ብፈልግ አልችልም። ፈቃዴን ውሰድና እሷን ልቀቃት" አሉት። ፈቃዳቸው ተወሰደ። ክስ ይኑር አይኑር ገና አልታወቀም። ጀልባዋን ጎትተው አውጥተው ዳር ላይ በጎኗ አስተኝተዋታል።

የአክስትህ ልጅ

መጋቢት 19

እህት ዓለም፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ደብዳቤሽን ቆሜ ጀምሬ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነው የጨረስኩት።

በሕይወት ስላላችሁ እግዜር ይመስገን። ግን ያን ሁሉ ሰው አሳፍራችሁ? አንዱ ዋና የማይችል ሰው ጃኬቱን ቢያጣስ? አንቺን አምኜ ነው የተቀመጥኩት። "ደህና ናቸው፣ ሥራ በዝቶባቸው ነው" ስትይኝ በእያንዳንዷ ደብዳቤ አምኜሻለሁ። ሌላ ሰው ቢዋሸኝ አይገርመኝም፤ አንቺ ስትሆኚ ግን የት ብዬ ልያዘው?

ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ እመጣለሁ። አባባን ይዤው እሄዳለሁ። እዚህ ሐኪም አለ፣ አሳንሰር ያለው ቤት አለ፣ ለዓይነ ስውር የሚሆን ሁሉ ነገር አለ። ልብሱን አዘገጃጂልኝ፤ ወፍራም ወፍራሙን።

ወንድምሽ

ሚያዝያ 2

ለወንድም ጋሼ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ስለ ሰዎቹ ያልከው ልክ ነው። በየሌሊቱ ያባንነኛል፤ ሌላ የምመልስልህ የለኝም። ምግብ አብሳይዋን ሄጄ ጠይቄያታለሁ፤ እጇ እስኪሽር ልብሷን እያጠብኩላት ነው።

ስለ ሌላው ግን ዝም አልልህም። "አንቺ ስላለሽ እንቅልፍ ይወስደኛል" ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። አንተ እዚያ የምትተኛው እኔ እዚህ ነቅቼ ነው። ደጅ ሲወጡ ክንዳቸውን የምይዘው እኔ፣ ሰው ሳያይ ሸሚዛቸውን ገልብጠው ሲለብሱ የማስተካክለው እኔ። አንተ መነጽር ትልካለህ፤ እግዜር ይስጥህ። ግን ሚጢጢ ሆኜ እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ አንድም ሰው "አንቺስ የት መሄድ ትፈልጊያለሽ?" ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

ባለፈው ሳምንት ጠየቁኝ። ጋሼ ናቸው። እራት በልተን ሳህኖቹን ላነሳ ስል "ተዪያቸው" አሉኝ። ሳህኑን ደሴት፣ ማንኪያውን የድሮ ወደብ፣ የጨው ዕቃውን የመብራት ምሰሶ አድርገው ሐይቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። የድስት ክዳን አስያዙኝ፤ መሪ መሆኑ ነው። "ነፋስ ከቀኝሽ መጣ፣ ሞተርሽ ጠፋ፣ ምን ታደርጊያለሽ?" እሳሳታለሁ። "ሁላችንንም ገደልሽን፣ እንደገና!" ይሉኛል። ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን።

ከዚያ ሳቁን አቁመው ሰምቼው የማላውቀውን ነገሩኝ። በወጣትነታቸው ትልቁ ሐይቅ ላይ ባሉት የጭነት መርከቦች ተቀጥረው ነበር፤ ያ ማዶው የማይታየው። ልብሳቸው ተጠቅልሎ አልቆ አንተ ተወለድክ፤ ቀሩ። "አልጸጸትም" አሉ። "ግን ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ስዞር ኖርኩ። አንቺስ የት መሄድ ትፈልጊያለሽ?"

አለቀስኩ። በማግስቱ ለካፒቴንነት ፈተና ተመዘገብኩ።

ና። ቤትህ ነው። ልብሳቸውን ግን አላዘጋጀሁም። ልትወስዳቸው ከሆነ ራሳቸውን ጠይቃቸው።

የአክስትህ ልጅ

ኅዳር 11

ለእህት ዓለም፣ ባለሽበት፣

እንደምን አለሽ? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ እንቅልፍሽ? እኛ ደህና ነን። ሰላምታዬን በማዕበሉ ላይ አሳፍሬ ልኬልሻለሁ፤ ካልሰጠመ ይደርስሻል።

ደብዳቤ ጠባቂ መሆን እንዲህ ያለ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። ፖስታ ቤት ያለችው ሴትዮ ገና ከበር ሳልገባ ራሷን መነቅነቅ ጀምራለች። ስትጽፊ ደግሞ ስለ ጭነት ነው፤ ስንት ሰዓት እንደምትተኚ፣ ማን እንደሚያናግርሽ ምንም የለም።

ፈተናውን አልፈሽ፣ ክሱም ቀርቶ፣ መስከረም ላይ ወደ ትልቁ ሐይቅ ልትሄጂ አውቶቡስ ውስጥ ስትገቢ አባባ "እስክትሰለች ነው" ብሎኝ ነበር። እኔም አባባን አሳምኜ ይዤው እስክሄድ ነው የቀረሁት። ይኸው አላሳመንኩትም። "አሳንሰር ውስጥ ገብቼ ምን ላዳምጥ?" ይለኛል። ሥራዬን በደብዳቤ ለቀቅኩ። አሁን የጀልባዋን ሞተር ፈትቼ ዳር ላይ ዘርግቼዋለሁ፤ ያለፈው ሁሉ ቆሞ አስተያየት ይሰጠኛል። ፎቶ አንሺው እንኳ ስለ ፒስተን ያስተምረኛል።

አልዋሽሽም፣ አንዳንድ ቀን ይህች ከተማ ታፍነኛለች። አውቶቡሶቹ ሲመለሱ ሾፌሩ አጠገብ ልቀመጥ ልቀመጥ ይለኛል። አባባ ደግሞ ይነጫነጫል፣ እኔም እነጫነጫለሁ። ጠዋት ጠዋት ግን ወገቡ ላይ ገመድ አስሬ ሐይቅ አስገባዋለሁ። ይዋኛል። እኔ ጫፉን ይዤ ዳር እቆማለሁ። ሲያምረው "ልቀቅልኝ!" እያለ ይጮኻል፤ እለቅለታለሁ፤ ገመዱ ሲያልቅ ይሰድበኛል።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልምጣ። ጀልባዋ ለበጋው ትደርሳለች። ማዘጋጃ ቤቱ ካፒቴን እየፈለገ ነው፤ ሰዉ ሁሉ አንቺን ነው የሚለው። አባባ ሳል ይዞታል። ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም፤ ስላለ ነው የምጽፈው። ተመለሺ። እኔም እንደ ሰው ወጥቼ እንድገባ።

ይህን ስጽፍ አባባ "ምን እያልካት ነው?" አለኝ። ነገርኩት። "አትምጪ በላት" አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ "ያ ሐይቅ ምን ይመስላል በላት" አለኝ።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 30

ለወንድም ጋሼ፣

ሰላምታህ ትንሽ ርሷል እንጂ ደርሶኛል። ዕድሜ ይስጥህ።

ጠይቀኸኛልና ስለ ራሴ ልጻፍ። የምተኛው ከሞተሩ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ነው። ሲቆም እነቃለሁ፤ ሲሠራ እንቅልፌ ይመጣል። ሠራተኞቹ መጀመሪያ "እመቤት" እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። አንድ ቀን ነፋስ ላይ በጋሼ ቋንቋ ሰደብኳቸው፤ ከዚያ ወዲህ ዝም ብለው ሻይ ያመጡልኛል። ይናፍቀኛል። ምን እንደሚናፍቀኝ ግን ስፈልገው ቦታ አይገኝለትም፤ ወደብ ስገባ መውጣት ያምረኛል፣ ስወጣ መግባት። አንተም እንዲህ ከነበርክ ያኔ ስለ ግድግዳው የጻፍክልኝ ዛሬ ነው የገባኝ።

አልመጣም ወንድም ጋሼ። ለዚህ በጋ አልመጣም። ማዘጋጃ ቤቱን ሌላ ካፒቴን ይፈልግ በለው። ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ የገመዱን ጫፍ መያዝ ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለ ሳሉ ግን ሐኪም ያለውን በደንብ ጻፍልኝ፤ ምንም ሳትቀንስ። ካስፈለገ ያኔ ማንም ሳይጠራኝ እመጣለሁ።

ከዚህ በታች ያለውን ለጋሼ ቀስ ብለህ አንብብላቸው።

ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ? ሐይቁ ምን ይመስላል ብለው ጠይቀዋል። ጠዋት የብረት ድስት ይመስላል፣ የቀዘቀዘ። ሲረፍድ አረንጓዴ ይሆናል፤ ደመና ሲያልፍበት ደግሞ የጥላሸት ቀለም ያለው ትልቅ ጥላ ከላዩ ይሄዳል። ማዕበሉ እንደኛው አጫጭር አይደለም። ረጅም ነው፤ መጥቶ ከሥርዎ ይገባና ቀስ ብሎ ያነሳዎታል፣ ቆይቶ ያወርድዎታል። ሽታው ግን ያው የኛው ሽታ ነው።

ማክሰኞ ዕለት የመርከባችን ካፒቴን ታሞ ተኛ። እኔ ብቻዬን ይዣት ወጣሁ፤ ሲሚንቶ ጭነናል። ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ብዬ አየሁ፤ የተነሳንበት የለም። ወደ ፊት አየሁ፤ የምንሄድበትም የለም። ጋሼ፣ በየትኛውም በኩል መሬት አልነበረም። መሪውን አጥብቄ ይዤ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ነፋሱ በየትኛው ጉንጬ እንደሚመጣ እስክለየው ጠበቅኩ። በግራዬ ነበር። ከዚያ ዓይኔን ገልጬ ሄድኩ።

ልጅዎ